አንድ ቀን ለማስቀነስ እስከ ፎርት ዎርዝ

ሜስኪት፣ ከንጋቱ 11፡30

ገና ሳይነጋ አሮጌ ቶዮታዬን አስነሳሁ። ሸሚዜ ተተኩሷል፣ ክራባቴ ኪሴ ውስጥ ነው። ዛሬ ጋሽ ታደለ ከአሜሪካ እንዳይባረሩ ዳኛ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በመጡበት የመጀመሪያ ክረምት፣ ሌሊት ቢሮ እያጸዳች በብርድ ለምትንቀጠቀጥ ሚስታቸው አንድ የቆዳ ካፖርት ከሱቅ ሰርቀው ተያዙ። ያስተረጎምኩላቸው እኔ ነበርኩ። በእኛ ደንብ ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ «አጥፍቻለሁ» ካለ ይማራል። ስለዚህ ጠበቃ ሳላማክር «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ ይበሉ፣ ይምሩዎታል» አልኳቸው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል! ዳኛው አንድ ዓመት ፈርደው ቅጣቱን በገደብ አደረጉት። እኛም ምሕረት መስሎን የዶሮ ጥብስ በልተን ተመለስን። አሁን በወጣው ሕግ ግን በስርቆት አንድ ዓመት የተፈረደበት የውጭ ዜጋ፣ አንዲት ቀን ባይታሰርም፣ ወደ መጣበት ይጫናል።

ኧርቪንግ፣ 12፡40

ጋሽ ታደለ ፌስታል አንጠልጥለው ደጅ ቆመው ጠበቁኝ።

«ምንድን ነው የያዙት ጋሼ?»

«ታየዋለህ። ንዳ።»

ነዳጅ ማደያ ቆመን ዶናትና በወረቀት ኩባያ ቡና ገዛን። እሳቸው ዶናቱን አልነኩትም። መንገድ 183 ላይ የኤርፖርቱ መውጫ ምልክት ሲመጣ ፊታቸውን አዞሩ። እዚያ ሻንጣ ጫኝ ናቸው።

«ይኸን ሁሉ ዓመት የሰው ዕቃ ሎድ ሳደርግ ኖሬ» አሉ፣ «አሁን እኔን ሊጭኑኝ!»

ነዳጁን ረገጥኩት።

ፎርት ዎርዝ፣ 2፡30

ጠበቃችን፣ ፀጉራቸው የሸበተ አሜሪካዊት፣ የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ጠበቁን።

«በድሮ እንግሊዝ» አሉኝ፣ «መሐረብ የሰረቀ ሰው ሰባት ዓመት ተፈርዶበት በመርከብ አውስትራሊያ ይጣል ነበር። ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ።»

«አሁን በአውሮፕላን ሆነ ማለት ነው?»

«አዎ። የምንለምነው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያኔ ከተፈረደባቸው ዓመት አንድ ቀን ከተቀነሰ ሕጉ አይደርስባቸውም።»

አዳራሹ ውስጥ ስሜ ሲጠራ ክራባቴን አጥብቄ ቆምኩ። የመከርኩትን ሳልቀንስ ተናገርኩ።

«ይማራሉ ብሎ ማን ነገረህ?» አሉኝ ዳኛው።

«ማንም። በሀገሬ ጥፋቱን ያመነ ሰው ይማራል።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጋሽ ታደለን ረዘም አድርገው አዩ፣ ከዚያ ጻፉ። «ሦስት መቶ ስልሳ አራት ቀን» አሉ።

«ምን አለ? ምን አለ?» ጋሽ ታደለ እጅጌዬን ጎተቱኝ። ያኔ ጠበቃ ሳልጠይቅ የተናገርኩ ሰው፣ ዛሬ መጀመሪያ ጠበቃችንን አየሁ፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ቀነሱልን ጋሼ» አልኩ በመጨረሻ። «አንዷን ቀን ቀነሱልን።»

መመለሻ፣ 6፡45

183 ላይ ያው ምልክት መጣ።

«እዚህ ጋ ኤግዚት አድርግ» አሉኝ።

«ኤርፖርት?» አልኩ ፍሬኑን እየነካሁ።

ጋሽ ታደለ ከፌስታሉ ውስጥ ዩኒፎርማቸውን አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ትናንት ማታ ተኩሰውታል።

«ሺፍቴ በስምንት ሰዓት ነው» አሉ። «ፈጠን በል እንጂ፣ እንዳታስረፍደኝ።»