በቶርኖ ቤት የተደረገ ግለ ሂስ

የእህቴ ልጅ ናትናኤል ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ወርክሾፕ ከከፈተ ጀምሮ፣ «አክስቴ፣ መጥተው ካላዩልኝ» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከረመ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። ቢሆንም መስቀል አልፎ ጭቃው ደረቅ ሲል፣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩለት። ሊያሳየኝ የፈለገው በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ ቶርኖ፣ ብረት መፍተያ ማሽን ነበር። ብረቱን ቻኩ፣ ማለትም የማሽኑ መያዣ ውስጥ አስገብቶ ፔዳሉን በእግሩ ረገጥ ሲያደርገው፣ ሦስቱ መንጋጋዎች እኩል ተንቀሳቅሰው ብረቱን ጥርቅም አድርገው ያዙት። ቁልፍ የለ፣ ትግል የለ።

«ይዩ እንግዲህ፣ እዚህ ጋ ፓምፕ አለ፣ ዘይቱን ይገፋዋል...» ብሎ ሊያስረዳኝ ጀመረ። አዳመጥኩት። ትናንት አፍንጫውን የጠረግሽለት ልጅ ሲያስተምርሽ መስማት ደስ ይላል። ሲጨርስ፣ «ለመሆኑ ስስ ቀለበት ስትይዝ ግፊቱን ትቀንሳለህ?» አልኩት። አፉን ከፍቶ አየኝ። ጡረታ የወጣሁት ከመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሌላ ሙያ እንደነበረኝ ለቤተሰቡ ትናንሾች ተናግሬ አላውቅም። ያን ዕለት ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ነገሩ በደርግ ዘመን ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ የመንግሥት እርሻ ትራክተርና ኮምባይነር የሚጠገንበት አሰላ ያለ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ተቀጠርኩ። ቶርኖ ላይ የምትቆም ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ፣ «ጸጉርሽን ማሽኑ ይበላዋል» አሉኝ። ሻሽ አስሬ መጣሁ። «ሻሽሽን ይበላዋል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መልስ መስጠቱን ትቼ ብረቴን መፍተል ያዝኩ፤ እነሱም ሲሰለቻቸው ተዉኝ። ወጣትነቴን ሳስበው የሚያስደስተኝ አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ማንም ገፍቶ ከዚያ ቶርኖ አላስነሳኝም ነበር፣ በኋላ የምነግራችሁ የምርት ዘመቻ እስኪመጣ ድረስ።

በዓመቱ ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር አዲስ ማሽን መጣ። ክረምት ነበርና የጫነው መኪና ከከተማው በታች ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በትራክተር ተጎትቶ ወጣ። ማሽኑ ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳሳ የወረቀት ጥብጣብ ነው። እኛን ያስገረመን ግን ጥብጣቡ አልነበረም፤ ቻኩ ነው። በድሮው ቶርኖ ብረት የምናስረው በቁልፍ ነበር። ወንዶቹ የቁልፉን እጀታ በቱቦ ያስረዝሙና እያማጡ ያጠብቁታል። ጎበዝ ሠራተኛ ማለት አጥብቆ የሚያስር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አዲሱ ቁልፍ አያውቅም። ፓምፑ ዘይት ወደ ሲሊንደር ይልካል፤ ሲሊንደሩ በቶርኖው ባዶ ወገብ ውስጥ የሚያልፈውን ዘንግ ወደ ኋላ ይስባል፤ ዘንጉ ሲሳብ በቻኩ ሆድ ያለ ሽብልቅ ሦስቱን መንጋጋዎች ወደ መሐል ይሰበስባቸዋል። የጉልበቱን ልክ የምትወስነው በጎኑ ያለች ትንሽ መዘውር ናት።

ዘይቱንና ፓምፑን የሚጠብቀው ጋሼ ከድር ነበር። አሰላ ተወልዶ አሰላ ያደገ፣ ቀትር ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚሰግድ፣ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እየቀላቀለ የሚቀልድ ሰው። በምሳ ሰዓት ባለቤቱ የሠራችለትን ጭኮ ያካፍለኛል። የገብሱ ዱቄትና የቅመም ቅቤው ሽታ ከማሽን ዘይት ሽታ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ይህን ለሰው ስነግር ፊቱን ያጨማድዳል፤ ያልበላ አያውቀውማ።

«ዲሲ፣ አስኩ፣ ተዪ አታጥብቂው» ይለኝ ነበር መዘውሯን ሳዞር፣ አስካለ የሚለውን ስሜን አሳጥሮ። «ላም ስታልቢ ጡቷን አንቀሽ ትይዢያለሽ እንዴ? ትራገጣለች! ይሄም እንደዚያ ነው።»

እውነቱን ነበር። እኛ የምንሠራው ለኮምባይነር የኩሽኔታ ማቀፊያ ቀለበት ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። በብዙ ግፊት ከያዝሽው ሦስቱ መንጋጋዎች በሦስት ቦታ ያጎብጡታል። እንደጎበጠ ትፈትይዋለሽ፤ እዚያው እንዳለ ስትለኪው ክብ ነው። ፔዳሉን ረግጠሽ ስትለቂው ግን ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል፤ የፈተልሽው ክብ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። «እንግዲያው ግፊቱን ቀንሰሽ ፍጥነቱን ጨምሪ» የሚል ቢመጣ ደግሞ፣ ቻኩ በፍጥነት ሲሽከረከር መንጋጋዎቹ ራሳቸው ወደ ውጭ መሸሽ ይፈልጋሉና አያያዛቸው ይላላል፤ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ይመታል። ስለዚህ የመጨረሻውን ልጣጭ በትንሽ ግፊትና በዝግታ ከመውሰድ በቀር መንገድ የለም።

ስንዴው ወደ መብሰሉ ሲቃረብ የምርት ዘመቻ ታወጀ። የወርክሾፓችን ካድሬ ጓድ መርዕድ ይባላል፤ የበቆጂ ልጅ ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ለበላዮቹ ከአቅማችን በላይ ቀለበት እናደርሳለን ብሎ ቃል ገብቶ መጣ። አጠገቤ ቆሞ ሥራዬን ሲያይ ቆየና፣ «ምነው ተኛሽ?» አለኝ። ፍጥነቱን አስጨመረኝ። ቀለበቱ መንጋጋው ውስጥ ሲንሸራተት፣ መዘውሯን በገዛ እጁ ይዞ እስከ መጨረሻው አዞራት።

«ጓድ መርዕድ፣ ይበላሻል» አልኩት። አንዱን ፈትዬ አወጣሁና በካሊፐር እያዟዟርኩ ለካሁለት። አየ። ያላየ እንዳይመስላችሁ፤ በደንብ አይቷል።

«መንጋጋው ውስጥ ሲለካ ክብ ነው አይደል? እዚያው ለኪው» አለኝ።

የተበላሹትን በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌ ለየኋቸው። እሱ ምልክቱን በቤንዚን አስጠርጎ አስጫናቸው። የሆነውም የታወቀ ነው። አጨዳው በተጀመረ በሰሞኑ ኮምባይነሮቹ እየጋሉ ኩሽኔታቸው እየተቃጠለ ማሳ ላይ ቆሙ። ከጭላሎ ተራራ በኩል ያለ ወቅቱ ደመና ሲያንዣብብ፣ የበሰለው ስንዴ ቆሞ ዝናብ ይጠብቅ ነበር። ከላይ ጥያቄ መጣ። በዚያ ዘመን እንዲህ ላለው ነገር ስሙ አንድ ነው፤ አሻጥር። አሻጥር ከተባለ ደግሞ አሻጥረኛ መገኘት አለበት።

ጓድ መርዕድ ቢሮው ጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ፣ ያን ጊዜ ነው የጠረጠርኩት። «የዘይቱ ሰው ከድር ነው። ግፊቱን ማን ሊነካ ይችላል፣ ከእሱ ሌላ? በስብሰባው ላይ ያየሽውን ትናገሪያለሽ። ኮከብ ሠራተኛ ትባያለሽ፤ ውጭ አገር ሥልጠናም አለ» አለኝ። እሱም ለነፍሱ ፈርቷል፤ ይህን አልክድለትም። ግን የራሱን ፍርሃት በጋሼ ከድር አንገት ላይ ሊያስር ነበር። አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ፣ ወይም እንደማይመለስ፣ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሼ ከድር ገና ያላደጉ ልጆች ነበሩት።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ መቀነቷን አጥብቃ፣ «ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። እውነት ነው፣ ለብዙ ነገር ይሠራል። ለዚህ ግን አልሠራም፤ የእኔ ዝምታ ገና ሳይውል ሳያድር ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር።

የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባው የተደረገው እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ፣ በማሽኖቹ መሐል ነው። ሥርዓቱን ለማታውቁት፣ ሰው ይነሳና መጀመሪያ በራሱ ላይ ሂስ ያደርጋል፤ ጥፋቱን ያወጣል። ከዚያ የሌላውን። ብዙውን ጊዜ «አንዳንዴ አረፍዳለሁ፣ ሪፖርት በወቅቱ አላቀርብም» እየተባለ ይታለፋል። ያን ቀን ጋሼ ከድር ከፓምፑ አጠገብ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እጁን እንደ ሁልጊዜው በጨርቅ እየጠረገ። ቀና ብሎ አላየኝም። እንዳልመሰክርበት የለመነኝ ነገር የለም።

ጓድ መርዕድ፣ «ጓዲት አስካለ የምትለው አላት» አለ።

ተነሳሁ። «ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ። ራሱን እየነቀነቀ አበረታታኝ። «ቀለበቶቹ በተበላሹ ቀን ጓድ መርዕድ የግፊቱን መዘውር እስከ መጨረሻው ሲያዞር አጠገቡ ነበርኩ። እጁን ከመዘውሩ ላይ አላነሳሁም። ጥፋቴ ይህ ነው። ሁለተኛ ሲነካው ባይ፣ እጁን አነሳለሁ።»

ጓድ መርዕድ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ ግለ ሂስ አይደለም! ተቀመጪ!» አለ።

«ጥፋትሽን ተናገሪ ተብዬ ተናገርኩ» አልኩና ቆሜ ቀረሁ። መቀመጥ አቅቶኝ እንጂ ለጀግንነት አልነበረም።

ያኔ ነው ያልጠበቅኩት የሆነው። ሻሽሽን ማሽን ይበላዋል ሲለኝ የነበረው የብየዳ ሠራተኛ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እኔም ግለ ሂስ አለኝ። ያን ቀን መዘውሩን ማን እንዳዞረ ከወዲያ ሆኜ አይቻለሁ። ዝም አልኩ» ብሎ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀለበቶቹን ያጓጓዘው ሾፌር። ቀለሙን በቤንዚን እንዲጠርግ የታዘዘው ሠራተኛም ተነሳ። ሁሉም አልተነሱም፤ ብዙዎቹ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት፣ አልፈርድባቸውም። የተነሱት ግን በቂ ነበሩ። ያን ሁሉ ሰው ለአንድ ቀለበት አሻጥረኛ ማድረግ ለጓድ መርዕድም ከበደው።

ጋሼ ከድርን አልነኩትም። ጦሱ በእኔ ላይ አረፈ። ጥቂት ቀናት ቀበሌ ታስሬ፣ አባቴ ምሳ እያመላለሰልኝ ሰነበተ። ስፈታ ቶርኖዬ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ጠበቀኝ፤ እኔ ደግሞ ወደ ዴራ፣ ሙቀትና አቧራ ወዳለበት፣ መለዋወጫ ዕቃ እንዳድል ተመደብኩ። አንድ ቀን ጋሼ ከድር በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። ጭኮ በቆርቆሮ ይዞልኛል። ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አልተናገረም። አብረን በላን፤ ሊሄድ ሲነሳ ግንባሬን ሳመኝና፣ «አስኩ፣ ልጆቼ ሁሉ ደህና ናቸው» አለኝ። እሱ ሲሄድ መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዘመኑም አለፈ። ወደ ቶርኖ የሚመልሰኝ ግን አልተገኘም። ባለፈው ዓመት እዚሁ አሰላ አንድ ለቅሶ ላይ ጓድ መርዕድን አገኘሁት። ሸምግሏል፣ ከዘራ ይዟል። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያ ዘመን፣ ስንቱን አደረገን!» አለኝ።

«ዘመኑስ እጅ አልነበረውም» አልኩት። «መዘውሩን ያዞረው የእርስዎ እጅ ነው።» ንፍሮውን ግን አቀበልኩት፤ ለቅሶ ቤት ነዋ።

ናትናኤል ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «አክስቴ፣ አይቆጭዎትም?» አለኝ። እንዴት አይቆጨኝ! ያን ማሽን እወደው ነበር። በተለይ በመኸር ኮምባይነር በመንገዱ ሲያልፍ በሰማሁ ቁጥር ይቆጨኛል፤ ያን ማሽን የሚያውቅ እጄ ስንት ዓመት ብሎንና ቀበቶ ሲቆጥር ኖረ። ግን ቁጭት ሌላ፣ ጸጸት ሌላ። ያኔ ጥፋትሽን ተናገሪ ብለውኝ የተናገርኩት፣ የዚያን ሰው እጅ ከመዘውሩ ላይ አለማንሳቴ፣ እስከ ዛሬ የማምንበት ጥፋቴ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የጨመርኩበትም፣ የቀነስኩበትም የለም። የጋሼ ከድር ልጆችም ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል።