እርጥብ ጨርቅና የሚያበራ ሰሌዳ

ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «እርጥቤ» ይሏታል። ታውቃለች፤ እንዳልሰማች ሆና ታልፋቸዋለች። ስሙን ያወጣላት ጨርቋ ነው። ሌላው አስተማሪ ሰሌዳውን በደረቅ ዳስተር ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ አስሎ፣ ትምህርቱን ይቀጥላል። እርጥቤ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደወል ሳይደወል ሩብ ሰዓት ቀድማ ትመጣና ከቧንቧው ባልዲ ሞልታ፣ ጨርቋን ነክራ፣ ጥቁር ሰሌዳዋን እንደ ሕፃን ፊት ታጥበዋለች። መጀመሪያ የጠመኔው ብናኝ ደረቷን ስለሚይዛት ነበር፤ እያደር ልማድ ሆነባት። ባልታጠበ ሰሌዳ ማስተማር ፊቷን ሳትታጠብ ሰው ፊት እንደ መቅረብ ያሳፍራታል።

ዘንድሮ ለትምህርት ቤቱ አንድ ስማርት ቦርድ መጣ። እርጥቤ ክፍል ውስጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ተሰቀለ። የተመረጠችው በችሎታዋ እንዳይመስላችሁ፤ የክፍሏ በር ደህና ቁልፍ ስለነበረው ነው። ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን ሁሉ ሰብስቦ፣ «ለሙከራ ነው የተሰጠን። በሥርዓት ከያዝነው ለየክፍሉ ይመጣል። ካበላሸነው ይኸም ይወሰዳል፣ ሌላም አናይም» አለ። ሲናገር ዓይኑ እሷ ላይ ነበር። ከዚያ አንድ ልጅ እግር አሠልጣኝ መጥቶ ስለ መክፈትና መዝጋት፣ በጣት ስለ መጻፍ፣ ፊደል ስለ ማጉላት ሁለት ቀን ሙሉ ለፈለፈ። ስለ ማጽዳት ግን ትንፍሽ አላለም። ለመጠየቅ ያሰበም አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር አልወደደችውም። «ይኼ ቴሌቪዥን እንጂ ሰሌዳ ነው?» እያለች ነበር የምትከፍተው። ሐሳቧን ያስቀየረቻት አንዲት ልጅ ናት።

ልጅቷ የግንበኛው ልጅ ናት፤ የምትቀመጠው መጨረሻ ረድፍ ላይ ነበር። ዓምናም ዘንድሮም ያስተማረቻት እርጥቤ ናት። «ከሰሌዳው ገልብጡ» ሲባል ደብተሯ ባዶ ነው፤ «አንብቢ» ስትባል መሬት መሬት ታያለች። እርጥቤ «ፈዛዛ ናት» ብላ ደምድማ ነበር፤ ሁለት ሦስቴም ጥግ አቁማታለች።

አንድ ቀን እርጥቤ ስማርት ቦርዱ ላይ ስትጽፍ ጣቷ የማይሆን ቦታ ነካና አንዱ ፊደል አደገ። አደገ፣ አደገና ሰሌዳውን ሞላው። እንዴት እንደምትመልሰው ጠፍቷት ስትታገል ልጅቷ ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥታ፣ በዴስኮቹ መሐል እየተጋፋች መጥታ፣ አፍንጫዋን ብርሃኑ ላይ ልትለጥፍ ምንም ሳይቀራት፣ «ቲቸር፣ ይኼ ‹በ› ነው አይደል?» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እርጥቤ ግን ያኔ ገባት። ይቺ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳው አይታያትም ነበር። ባላየችው ነገር ነበር ጥግ ያቆመቻት።

አባቷ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። መነጽር አይረዳትም፣ ትልቅና ብርሃን ያለው ፊደል ካልሆነ አይታያትም ተባለ። ግንበኛው ወረቀቱን ለእርጥቤ አሳይቶ፣ «እንግዲህ አደራዋን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ» ብሏት ወደ ሥራው ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ፊት ለፊት፣ ከስማርት ቦርዱ ሥር ተቀመጠች። እርጥቤም ፊደሉን እያገዘፈች፣ አንድ ቃል አንድ ቃል እያሳየች ታስነብባት ጀመር። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ልጅቷ ማንም ሳይረዳት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አነበበች፦ «እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።» ልጆቹ ሳይታዘዙ አጨበጨቡላት። እርጥቤ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ መሬት የረገጠች አልመሰላትም።

በማግሥቱ ከበላይ ቢሮ ሙከራውን የሚያዩ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። በሚመጡበት ቀን እርጥቤ ማልዳ ገባች። ስማርት ቦርዱ የጣት አሻራ በአሻራ ሆኗል፤ ታች በኩል የልጅቷ አፍንጫ ያተመው ክብ ምልክት አለ። እስከዚያ ቀን በሹራቧ እጅጌ አበስ እያደረገች ነበር የምታልፈው። ዛሬ ግን እንግዳ ይመጣል። እጇ የለመደውን ሠራ፤ ባልዲውን ሞላች፣ ጨርቁን ነከረች፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አጠበችው። ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ ታችኛው ጠርዝ ገባ። ሰሌዳው አበራላትና ደስ አላት።

ስትከፍተው ሁለቴ ብልጭ አለ። የተቃጠለ ነገር ሸተታት። ከዚያ ጨለመ።

ከሶኬቱ ነቀለችው፣ በሹራቧ አደረቀችው፣ በደብተር አራገበችው፣ መልሳ ሰካችው። እንደ ጨለመ ቀረ። «እባክህ» አለችው፤ ከግድግዳ ጋር እያወራች መሆኗን ያወቀችው ቆይታ ነው።

ተጠርቶ የመጣው ቴክኒሻን ሥሩን ፈታና፣ «ውሃ ገብቶበታል። ይኼማ አልቆለታል» አለ።

ርዕሰ መምህሩ ወደ እርጥቤ ዞረ። «ልጆቹ ናቸው አይደል? ያቺ አፍንጫዋን የምትለጥፈው ልጅ ናት?»

«አዎ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ በመድረሱ ራሷን ተጠየፈች። «እኔ ነኝ» አለች። «ባልዲው ያውልህ።»

ርዕሰ መምህሩ ከልጆቹ ዴስክ አንዱ ላይ ቁጭ አለ። «እርስዎን ያህል ሰው...» ብሎ ጀመረና ተወው። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ የላኳቸው ሁለት ሰዎች ስማርት ቦርዱን ነቅለው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው መኪና ላይ ጫኑት። እርጥቤ እስከ በሩ ተከተለቻቸው። «ለእኔ ብላችሁ አይደለም። ሌላ ቢኖር፣ አሮጌም ቢሆን፣ ትንሽም ቢሆን... አንዲት ልጅ አለች» እያለች ለመነቻቸው።

«እኛ የታዘዝነውን ነው የምንሠራው፣ እናታችን» አሏትና ሄዱ።

በማግሥቱ ልጅቷ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ፊቷ ወደ ግድግዳው፣ አራት የብሎን ቀዳዳ ወደ ቀረበት ቦታ ነበር። እርጥቤ ክንዷን ይዛ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር አስቀመጠቻት። ሰሌዳው ያን ቀን አልታጠበም፤ ጨርቁን መንካት አልቻለችም። ጠመኔውን በጎኑ ይዛ፣ እያንዳንዱን ፊደል ክንድ አሳክላ፣ «ዝናቡ ጣሪያውን መታው» ብላ ጻፈች። ሰሌዳው ሞላ። ደገመችበት፣ አደመቀችው፤ ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ።

«ታየሽ፣ የኔ እናት?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«በይ አንብቢልኝ።»

ልጅቷ ተነሣች። አገጯን ቀና አድርጋ ወደ ሰሌዳው አየች። ዓይኗ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሄደ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትደናቀፍ፣ «እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች» አለች።

ልጆቹ ሰሌዳውን አዩ፣ ከዚያ አስተማሪያቸውን። የሳቀ አልነበረም።

«ጎበዝ» አለቻት እርጥቤ። «ቁጭ በይ።»

ጀርባዋን ሰጥታቸው የጻፈችውን በእጅጌዋ በደረቁ ጠረገችው። ብናኙ ደረቷን ያዛት፤ እያሳላት ልጅቷ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጻፈችላት። ልጅቷ ያንንም አላየችውም።