ፍሬን የረገጥኩበት ዳገት

ይህ የሆነው ባለፈው መስከረም፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ መኪና ማንም አስተያየቴን ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬም ዳገት ባየሁ ቁጥር ቀኝ እግሬ ያስታውሰኛል፤ ቢሆንም ስጽፈው ደስ እያለኝ ነው።

አባቴ ፒክአፕ አለው፤ ከሶዶ ወደ ገጠር ዕቃ ያመላልስበታል። ቤታችን ውስጥ ለወራት የሚወራው ስለ አክስሏ፣ የኋላ ጎማዎቿን ስለሚያዞረው ብረት፣ ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም ደሳለኝ ጋራዥ ስለሚሠራ፣ "የኋላውን አክስል አውጥተን የትልቅ መኪና እንግጠምላት" ይላል። አባቴ ደግሞ "ጠንካራ ካደረግናትማ ሰው አይቶ ጭነት ይጨምርባታል" ይለዋል። እኔ በሆዴ ከአጎቴ ጋር ነበርኩ። ጠንካራ ነገር ማን ይጠላል?

የዚያን ዕለት ሦስታችን ተበላ ከተማ ገበያ ሄደን የቅርጫውን ሰንጋ ገዛን። ሰንጋው የእኛ ብቻ አይደለም፤ የአያቶቼ ሰፈር ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁት የከረሙት ነው። ስንጭነው አጎቴ ታኮውን፣ ማለትም መኪናዋ ስትቆም ጎማዋ ሥር የምንወሽቀውን ግንድ፣ "የበሬውን እግር ይመታዋል" ብሎ አውርዶ ጣለው። መንገድ ላይ ደግሞ ከገበያ የሚመለሱ ሦስት ሴቶች እጃቸውን ዘረጉ። በጊፋታ ሰሞን የተዘረጋ እጅ እያዩ ማለፍ ነውር ነው። አባቴ "ውጡ፣ ውጡ፣ ሦስት ሰው ምን ይከብዳል" አላቸው።

ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ አያቶቼ ሰፈር የሚወስደውን የቀይ ጭቃ ዳገት ስናጋምስ ከኋላ አንድ ነገር ቋ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር አባቴ ፍሬን ረግጦ አቆማት።

"አክስሉ ሄደ!" አለ አጎቴ ከላይ፣ ከበሬው አጠገብ ሆኖ። "አላልኩም?"

"አሁን ዝም በልና በሬውን ያዝ።"

አክስል ከተሰበረ ማርሽ መኪናን እንደማይዝ ያን ቀን ነው የተማርኩት። የእጅ ፍሬኑ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አይሠራም፤ የእኔ ቦርሳ መስቀያ ነው። ታኮው ተበላ ገበያ ቀርቷል። አባቴ ዞሮ አየኝ።

"ነይ፣ እግርሽን እዚህ አስገቢ። በደንብ ርገጪ። ድንጋይም ግንድም ፈልጌ እስክመጣ እንዳታነሺ።"

እሱ ወረደ፤ እኔ ቀረሁ። እዚያ ሰፈር አፈር እንጂ ድንጋይ የለም። ሲሮጥ አየሁት፤ ከእንሰቱ ጀርባ ጠፋ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እኔ ግን የትም መሄድ አልችልም። እንደዚያ ታስሬ አላውቅም። በሬው ከኋላ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መኪናዋ ትወዛወዛለች፤ ወደ ኋላ የሄድን ይመስለኛል።

ከዚያ በመስታወቱ ያየሁት ከሁሉም ባሰ። ሦስቱ ሴቶች ወርደው መኪናዋን ሊገፉ ከኋላ ተሰልፈዋል። እኛ አገር መኪና ከቆመ ይገፋል፤ ለምን እንደቆመ አይጠየቅም።

"እባካችሁ ከኋላ ውጡ!" አልኳቸው በአማርኛ።

"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እንገፋልሻለን" አለች አንዷ። "ይልቅ ያ ሰውዬ ወርዶ ያግዘን፤ በሬ አቅፎ ይውላል እንዴ?" ሦስቱም ሳቁ። አጎቴ ከቀንዱ ጋር ስለሚታገል ማን የት እንደቆመ አያይም።

ቀኝ እግሬ ዛለ። ግራ እግሬንም ደረብኩበት። ከዚያ ሳላስበው በወላይትኛ፣ በእነሱው ቋንቋ፣ ጮኽኩ፤ ድምፄ እናቴ ስትቆጣ የሚወጣት ዓይነት ነበር።

"እግሬን ካነሳሁ ትሞታላችሁ! ከዚያ ውጡ!"

ሳቁ ቆመ። ትልቋ ሴትዮ የሁለቱን ክንድ ይዛ ወደ ዳር ጎተተቻቸው። ከዚያ በተከፈተው በር መጥታ ጉልበቴን በሁለት እጇ ተጫነችልኝ። አባቴ የባሕር ዛፍ ግንድ ተሸክሞ እስኪመጣ ድረስ እንደያዘችኝ ቆየች።

ግንዱን ከጎማው ሥር ወሽቆ "አንሺ" ሲለኝ እግሬ እምቢ አለኝ። በእጁ አነሳልኝ።

ሰንጋው የቀረውን ዳገት በእግሩ ወጣው።

የጊፋታ ዕለት ሥጋው ከተከፋፈለ በኋላ አጎቴ ያንኑ ወሬ አነሳ። "አሁንስ ትልቁን አክስል አንገጥምም?" ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"ፍሬኑን የያዘችው እሷ ናት። እሷ ትናገር።"

ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ መልሴን ጠበቁ። "እንደ ድሮው ያለ አክስል ይግባላት" አልኩ። "ትልቅ ከገባላትማ ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት በሬ ትጭናላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን የእጅ ፍሬኑ ይሠራ።"

አጎቴ "ይቺ ልጅ ጋራዡን ልትቀማኝ ነው" ብሎ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም። መኪናዋ ስትጠገን ልክ እንዳልኩት ሆነ።

አሁንም ያ ዳገት ሲነሳ የሴትዮዋ እጅ ትዝ ይለኛል። ቤት ውስጥ ግን ስለ መኪናዋ ሲወራ "ነይ ቁጭ በይ" እባላለሁ፤ ይሄ በጣም ያስደስተኛል። ቦርሳዬንም የእጅ ፍሬኑ ላይ መስቀል ትቻለሁ። ጭኔ ላይ ነው የምይዘው።