በሸርቦኒ ቤት ያለው ባሕር

ሸርቦኒ ዳስቲዳር ስትቆጣ መንደሩ በሙሉ ይሰማል። በሰሜን ኮልካታ፣ ትራሙ ከሚዞርበት ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገዳችን ላይ ቤቶቹ ተደጋግፈው የቆሙ ስለሆኑ የአንዱ ጠብ ለሌላው የራት ማጣፈጫ ነው። የእሷ ደግሞ ቅመሙ በዛ ያለ ነው። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የሚባል ሰው አለ አይደል? እሷ በዚህ እንኳ አትታማም፤ የቤትም ቀጋ የውጭም ቀጋ ናት። ፖስታ ቤት መስኮቷ ላይ ተቀምጣ፣ አድራሻውን አዝረክርኮ የመጣውን ሰው፣ ሀብታምም ይሁን ሊስትሮ፣ «ይሄን ወዴት ልላከው? ወደ ሰማይ?» ብላ ትመልሰዋለች። አለቃዋ ራሳቸው ሊያናግሯት ሲፈልጉ መጀመሪያ በሩቁ ፊቷን ያያሉ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ይህች ሴት የምትለሰልስበት አንድ ቦታ አለ። ፎቅ ላይ ባለው ክፍሏ ውስጥ ከአልጋዋ የሚበልጥ የመስታወት ገንዳ አላት፤ ውስጡ ባሕር ነው። ጨዋማ ውሃ፣ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ የበቀሉ ሐምራዊና አረንጓዴ ኮራሎች፣ ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች። ከሁሉም በላይ ግን ቡሪ። ቡሪ የባሕር አበባ ናት። አበባ ትባል እንጂ እንስሳ ናት፤ ጣቶቿን ዘርግታ ትበላለች፣ ሲከፋት ትጨማደዳለች፣ ሁለቱ ዓሦች ደግሞ በጣቶቿ መሃል ይተኛሉ። ሸርቦኒ ስታመጣት የሻይ ሲኒ ታህል ነበር፤ አድጋ አድጋ የራት ሳህን አከለች። እጇን ውሃ ውስጥ ከታ ስታጎርሳት ያየ ሰው፣ ያቺ የፖስታ ቤት ነብር ናት ቢሉት አያምንም።

ባሕር ቤት ውስጥ ማኖር ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ውሃው በተነነ ቁጥር በተጣራ ውሃ ትሞላለች፣ ጨዉን ትለካለች፣ በየሳምንቱ አሮጌውን ውሃ በባልዲ ወደ ታች፣ አዲሱን ወደ ላይ ትሸከማለች። በበጋው ሙቀት እሷ ላብ በላብ ሆና ማራገቢያው የሚዞረው ወደ ገንዳው ነው። መብራት ሲጠፋ እኛ ሻማ ስንፈልግ እሷ ባትሪዋን ታገናኛለች፤ ፓምፑ ከቆመ ውሃው ይታፈናላ። ይሄንን ሁሉ አይተን ግን ዝም አልንላት? የት! ቤንጋሊ ሆኖ ዓሣ ቤቱ አስቀምጦ የማይበላ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? የሥጋ ሻጩ ልጅ ባያት ቁጥር እንደ ታላቅ እህት አክብሮ «ዲዲ፣ እነዚያን ቆንጆዎች መቼ ነው በሰናፍጭ የምንበላቸው?» ይላታል፤ እሷም «አንተን በሰናፍጭ ቢሠሩህ ድመት አይቀምስህም!» ትለዋለች።

ከሁሉ ክፉ ቀልደኛ ግን የገዛ እናቷ ናቸው። ሾይሎባላ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጥርሳቸው አልቋል፣ ምላሳቸው ግን አልተነካም። «ባል አምጪ ብላት ዓሣ አመጣች፤ እሱንም የማይበላ!» ይላሉ ለመጣ ሁሉ። ሸርቦኒ በልጅነቷ የመጣላትን ሽማግሌ ሁሉ ከደጅ ከመለሰች ወዲህ እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚነጋገሩት በሽሙጥ ብቻ ነው። ልጂቱ ማልዳ ወደ ሥራ ትወጣለች፣ እናቲቱ ገላቸውን ታጥበው ጸሎታቸውን የሚጀምሩት እሷ ከወጣች በኋላ ነው። ለሁለቱም ተመችቷቸዋል።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ነገር ተበላሸ። ዝናቡ መንገዱን አጥለቅልቆ መብራት ሄዶ ቀረ፣ ባትሪው ከዳት፣ ቡሪ ተጨማደደች። ሸርቦኒ ገንዳ ላላት አንዲት ጓደኛዋ በስልክ «ልጆቼ ታመሙብኝ፣ ምን ላድርግ?» እያለች ስታለቅስ ሰማን። መብራቱ በመጨረሻ መጣ፣ ቡሪ ግን አልተመለሰችም፤ እንዲያውም ባሰባት። ቀንድ አውጣዎቹ አንድ በአንድ በጀርባቸው ወደቁ። ሽሪምፖቹ አለቁ። ኮራሎቹ ነጡ። የሚገርመው ዓሦቹ ምንም አልሆኑም። ሸርቦኒ ውሃ ቀየረች፣ እንደገና ቀየረች፣ ወገቧ እስኪቀነጠስ ባልዲ ተሸከመች፤ ለጥቂት ቀን ቀና ይሉና መልሰው ያሽቆለቁላሉ። ምግብ አስጠላት። አንድ የሞተ ቀንድ አውጣ መዳፏ ላይ ይዛ «ማነው? ማነው የሚገድልብኝ?» እያለች ክፍሏን ስትዞር ነበር።

ገዳይ መፈለጓ አልቀረም፣ አገኘች። የገንዳውን ጨው የሚሸጥላት በእሁድ ገበያ ለገንዳ የሚሆኑ የባሕር ዓሦች ነጋዴው ኖንቱ ነበር። ጨዉን በርዞታል ብላ ደመደመች። በቃ! እሁድ ጠዋት እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ገበያው መሃል ደረሰች።

«አንተ ሌባ!»

«ዲዲ፣ ምነው? ደህና አደርክ እንኳ የለም?» አለ ኖንቱ፣ የዓሣ ፌስታል በእጁ እንደያዘ።

«ደህና የሚያሳድር ሰው ነህ አንተ? ጨው ብለህ የሸጥክልኝ ኖራ ነው? የማነው ኖራ? የአባትህ ቤት ግድግዳ ፈርሶ ነው?»

«ዲዲ፣ በእኔም ገንዳ ውስጥ ያለው ይኸው ጨው ነው። ይዩት...»

«ስሙ ሰዎች!» ብላ ወደ ገበያተኛው ዞረች። «ከዚህ ሰው ዓሣ የሚገዛ አብሮ የመቅበሪያ አካፋም ይግዛ!»

ገበያተኛው ሳቀ። ሳቀና ደግሞ ከኖንቱ ጠረጴዛ ፈቀቅ አለ፤ ሰው እንደዚህ ነው። ደንበኞቹ ያን ቀን በሱ በኩል አልፈው ሌላ ጋ ገዙ። ኖንቱ ጆሮው ቀልቶ ቆሞ ቀረ። በሰው እንጀራ መግባት ማለት ይሄ ነው፤ እኔ ብሆን ፌስታሉን ከነዓሣው ፊቷ ላይ ባፈሰስኩት።

በማግስቱ በዓል ስለነበር ፖስታ ቤት ዝግ ነው። ኖንቱ በጠዋቱ ደጇ ላይ መጣ። ሸርቦኒ በሩን ከፍታ እዚያው ገተረችው።

«ያልሸጥክልኝ ጨው ቀረህ?»

«ልጣላ አልመጣሁም፣ ስሜን ላስመልስ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዓሣው ደህና ሆኖ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ የሚያልቀው በምንድነው? እርስዎ ለጀማሪ ሁሉ የሚያስተምሩት ነገር ነው። ይበሉት እስቲ።»

ሸርቦኒ ታውቀዋለች፤ ግን ሊሆን አይችልም ብላ ከመጀመሪያው ቀን ከሐሳቧ አውጥታዋለች።

«መዳብ» አለች። «ግን በእኔ ቤት መዳብ የለም! ቧንቧውን ሁሉ በፕላስቲክ ያስቀየርኩት ለምን ይመስልሃል?»

«እንግዲያው ይለኩት። በራስዎ እጅ።»

ወደ ላይ ወጡ። የመዳብ መለኪያ ጠብታው ቤቷ ነበረ፣ ሳይከፈት። ኩራት ሆኖባት! ከገንዳው በብልቃጥ ቀዳች፣ ጠብታውን ጨመረች። ውሃው ቀለሙን ለወጠ፤ መዳብ አለበት ማለት ነው። ሌላ ብልቃጥ ቀዳች፤ ያም ለወጠ። ኖንቱ «አዩ አይደል» አላላትም፤ ጨዋ ነው። ሁለቱም ፓምፑን አውጥተው ገለበጡት፣ ሽቦውን ሁሉ ዳሰሱ፣ ድንጋዮቹን አነሱ። ምንም የለም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። በሩ ተከፈተና ሾይሎባላ ገቡ። ጸጉራቸው ርጥብ፣ ነጭ ሳሪያቸውን ተሸፋፍነው፣ ከንፈራቸው በጸሎት እየተንቀሳቀሰ። በእጃቸው እንደ ፀሐይ የሚያበራ ትንሽ የመዳብ ዋንጫ ይዘዋል። እንግዳውንም ልጃቸውንም አላዩም፤ ወይም አይተው ናቁ። ቀጥ ብለው ወደ ገንዳው ሄዱ፣ ዋንጫውን ግንባራቸው ላይ አስነኩ፣ ቡሪ ባለችበት በኩል ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አደረጉ።

«እማ!» ሸርቦኒ የጮኸችው ጩኸት የእኛን የመስኮት መስታወት አንቀጠቀጠው። «ምንድነው የምታፈሺው?»

«ዕውር ነሽ? የጋንጋ ውሃ ነዋ፣ የቅዱሱ ወንዝ።»

«መርዝ ነው! መርዝ!»

«የጋንጋን ውሃ መርዝ የምትል ምላስ... ኧረ ዝም በይ፣ አማልክት ይሰማሉ!»

ኖንቱ ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ አክስቱ አክብሮ፣ «ማሺማ፣ ውሃው ዋንጫው ውስጥ ነው የሚያድረው?» አላቸው።

«ታዲያ የት ይደር? ሆቴል?»

«ዋንጫውንስ በምንድነው የሚያሹት?»

«በሁመር ፍሬ ነዋ! የጸሎት ዕቃ በሌላ ይጸዳል?»

ኖንቱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሁመር ጎምዛዛ ነው፤ መዳቡን ይገፍፈዋል፣ ለዚህ ነው እንደዚያ የሚያበራው። በደንብ ካልታጠበ የተገፈፈው ሁሉ ያደረው ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው። በእኛ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ዓይነት ዋንጫ አለ፣ እኛም ከዚያ እየተረጨን ነው ያደግነው፣ ምንም አልሆንንም። ቀንድ አውጣ ግን እንደኛ አይደለም።

«ከመቼ ጀምረሽ ነው?» አለች ሸርቦኒ፣ ጥርሷን ነክሳ።

«ልጆቼ ታመሙብኝ ብለሽ በስልክ ካለቀስሽ ጀምሮ። በየጠዋቱ፣ አንቺ ስትወጪ። መጀመሪያ ጠብታ ብቻ ነበር። ሲብስባቸው ጨመርኩላቸው።»

«ሲብስባቸው ጨመርሽ!»

«ታዲያ የታመመ ልጅ ሲብስበት ጸሎት ይቀነሳል እንዴ?»

ሸርቦኒ ዋንጫውን ከእጃቸው ነጥቃ በደረጃው ወረወረችው። እስከ ታች ድረስ እየተንኳኳ ሲወርድ ሰምተናል። እንደዚያ ዓይነት አፍ ያላቸው ሴትዮ አንድ ቃል ሳይናገሩ ግድግዳውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። እኔ ይሄኔ ነው የደነገጥኩት።

«ዲዲ፣ ጠቡ ይቆየን» አለ ኖንቱ። «ቡሪን ይስጡኝ። እዚህ ካደረች ትሞታለች። እኔ ጋ ንጹህ ገንዳ አለ።»

ሸርቦኒ ተርበተበተች። ትናንት ሌባ ያለችው ሰው ነው። የቡሪን እግር ከድንጋዩ ቀስ ብላ አላቀቀችው፤ ያቺ የራት ሳህን የምታህል ፍጥረት ጡጫ አክላለች፣ አፏ ተከፍቶ ቀርቷል።

«የምወስዳት ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ ለእሷ ነው» አለ ኖንቱ ፌስታሉን እየቋጠረ። «እርስዎ ደግሞ እሁድ ይመጣሉ። ሌባ ያሉኝ ቦታ ላይ ቆመው፣ በዚያው ድምፅ ቃልዎን ያነሱልኛል።»

ሄደች። ጉዱን ላይ ብዬ እኔም ተከትያት ሄድኩ። ገበያው መሃል ቆማ፣ ወገቧን ይዛ፣ «ስሙ!» ብላ ጮኸች። «ይሄ ሰው ሌባ አይደለም! ጨዉ ጨው ነው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔው ቤት ነው! ምን ታፈጣላችሁ? አትገዙም?» ይቅርታውም እንደ ስድብ ነበር፣ ግን ሰው ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ኖንቱ ከኋላ ያለውን ገንዳ አሳያት። ቡሪ ጥግ ላይ ናት። አፏን ዘግታለች፣ እግሯ ድንጋዩን ይዟል።

«ትድናለች?»

«አልሞተችም። ከዚያ በላይ አይጠይቁኝ።»

ቤቷ ስትመለስ እናቷ ፎቅ ላይ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሽሙጥ እንኳ ከአፋቸው አልወጣም፤ ቤቱ ጸጥ ብሎ እኛን ሁሉ አስጨንቆን ነበር። ዓሦቹም ኖንቱ ጋ ሄደው ገንዳው ድንጋይ ብቻ ቀርቶታል። ሾይሎባላ ባዶው ገንዳ ፊት ቆመዋል፣ ጎኑ የተጎደጎደውን ዋንጫ በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ደግሞ ይዘሽ መጣሽ?»

«አላፈስም። እግሬ ልማድ ሆኖበት ነው ያመጣኝ።» ዋንጫውን ከሳሪያቸው ሥር ሊደብቁ ሞከሩ። «የት ላፍሰሰው? ቀድቼዋለሁ።»

ይሄኔ ሸርቦኒ ፈነዳች። የቡሪ ነገር አልነበረም፤ የስንት ዓመት ነገር ነው።

«ለቀንድ አውጣ! ክረምቱን ሙሉ ለቀንድ አውጣ ስትጸልዪ ከረምሽ! እኔ ከጎንሽ ሸበትኩ፤ ከአፍሽ አንዲት ምርቃት ሰምቼ አላውቅም! ባል እምቢ ስላልኩ? እኔ ላይ ለምን አታፈሺም? እኔ ከቀንድ አውጣ አንሳለሁ?»

መንደሩ በሙሉ መስኮቱን ከፈተ።

«አንቺ መቼ ጎንበስ ብለሽ ታውቂያለሽ?» አሉ ሾይሎባላ። አልጮኹም። «ልጅ የእናቱን እግር ነክቶ ነው እጇ ራሱ ላይ የሚያርፈው። እግሬን የነካሽበትን ቀን እስቲ ንገሪኝ። እኔ ነኝ የቀረሁብሽ? አንቺ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ እኔ በየት ልድረስብሽ? እነሱ እንኳ፣ ዓሦቹ፣ ሲፈስላቸው ዝም ይላሉ።»

ሸርቦኒ ዋንጫውን አየች። ደም ሥሯ እንደተገታተረ፣ ዓይኗ እንደቀላ፣ እናቷ ፊት ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ወረደች።

«በይ ቶሎ፣ ወገቤን ያመኛል።»

«ዝቅ በይ» አሉ እናቷ፣ ዋንጫውን ወደ ራሷ አቅንተው። «አሁንም አልደርስብሽም።»

እያጉረመረመች ዝቅ አለች።