ያልበረረችው ፍላሚንጎ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ገና ማግስት፣ የጅቡቲ ሙቀት ረገብ ባለበት ሰሞን ነው። ልርሳው ብልም አባቴ አያስረሳኝም።

አባቴ ዕድሜውን ባቡር ላይ የፈጀ ሰው ነው። አዋሽ ላይ ከመስኮት ስላያቸው ወፎች ሲያወራልኝ ነው ያደግኩት። ሐኪሙ ዓይኑ እንደማይተርፍ ሲነግረን አላለቀሰም። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንዲት ፍላሚንጎ በቅርብ ልይ» አለኝ። እነዚህ ባለ ረጅም እግር ሮዝ ወፎች ባሕሩ ዳር ሞልተዋል፤ ግን ገና ሳይጠጋቸው ብድግ ብለው ይሄዱበታል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወፎች የሚጎበኙበት ፀጥ ያለ ፓርክ አለ። እዚያ የሚያስጎበኝ አንድ የአገሬ ልጅ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር ያለው ሱቄ ሲጋራ ሊገዛ ይመጣል። ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ብዬ ደወልኩለት።

«አባዬ ዓይኑ ደካማ ነው፤ በጣም አቅርብልን» አልኩት።

«ጣጣ የለውም፣ እህቴ» አለኝ።

ጠዋት ስንደርስ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ላይ ስስ ውኃ ተኝቷል። መንጋው ርቆ ቆሟል፤ አንዷ ግን ብቻዋን ቅርባችን ነበረች። አባቴ ጫማውን አውልቆ ከዘራውን ይዞ ገባ። አልሸሸችም። ክንፏን ዘረጋች፣ አጠፈች፣ ደግሞ ዘረጋች።

«ፈቀደችልኝ!» አለ። ሐኪሙ ፊት ያላለቀሰው ሰውዬ አለቀሰ። እኔም በደስታ የምሆነው ጠፋኝ።

ከዚያ ከዘራውን ውኃው ውስጥ የሆነ ነገር ያዘበት። ጎንበስ ብሎ ሲዳብስ የዓሣ ማጥመጃ ክር አገኘ። ክሩን በጣቶቹ እየተከተለ እግሯ ላይ ደረሰ። ቀና ሲል እጁ ደም በደም ሆኗል።

«ማነው ያሰራት?»

አስጎብኚው ቅንጣት አላፈረም። «አባባ፣ ዓይናቸው ደካማ ነው ተብዬ ነዋ! ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ የያዝኳት ለእርስዎ ብዬ ነው፤ ምስጋናው ይኼ ነው?»

አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ወፏን አቅፎ ያዘልኝ፣ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ በነበረ ጥፍር መቁረጫ ክሩን ቆረጥኩት። ለቀቃት። ጥቂት ተንፏቅቃ ውኃው ላይ ተደፋች። እዚያ ድረስ ማየት ስለማይችል ጠየቀኝ።

«በረረች?»

«በረረች፣ አባዬ። መንጋው ውስጥ ገባች።»

አስጎብኚው ከት ብሎ ሳቀ። «በየትኛው እግሯ ተንደርድራ? ተሰብሯል እኮ!»

ስንመለስ አባቴ ክንዴን አልያዘም፤ በከዘራው እየዳበሰ ሄደ። አስጎብኚው ከዚያ ወዲህ ሱቄ ደጃፍ ድርሽ አላለም፤ ቢመጣም የምሸጥለት ክብሪት የለኝም።

አባቴ ዛሬ ጨርሶ አያይም። ዓይኑ እኔ ነኝ። ጣሪያው ላይ ወፍ ባረፈ ቁጥር እነግረዋለሁ። እንደ ድሮው ቀለሟን፣ ምንቃሯን አይጠይቀኝም፤ «በረረች?» ብቻ ይለኛል።

ዓይኔ እያየ በራ ስትሄድ፣ «አዎ፣ በረረች» እለዋለሁ። አያምነኝም።