ታደሰ ያልፈረመበት ሬዲዮ

ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ፍሪጁን ከግድግዳው ማራቅ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ሞተሩ ያለ ዕረፍት ሲያጓራ ሰምቶ ጀርባውን በመዳፉ ዳሰሰና፣ «ታፍኗል፤ ነይ ያዥልኝ» አለኝ። አንድ ስንዝር ያህል ሳብነው። ከኋላው የሞቀ አቧራ ሽታ ወጣ። ማክሰኞ ልቡ ቆመ።

ያ ሽታ የካዛንቺሱን ግቢያችንን ይመልስብኛል። ታደሰ ባሌ ከመሆኑ በፊት የጎረቤት ልጅ ነበር፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ እሱ ቴክኒክ ይማር ነበር። እናቴ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ነበራት። አቧራ እንዳይገባበት ከላይ ዳንቴል ደርባ፣ ከኋላ ያሉትን ቀዳዳዎች በጨርቅ ወትፋቸዋለች። አንድ ቀን ዜና መሐል ላይ ድምፁ ሰልሎ ጠፋና ታደሰን ጠራችው። ከፍቶ አሸተተው፤ ከዚያ ዳንቴሉን አነሣ።

«እትዬ ዘነበች፣ እርስዎን በጋቢ ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ ባስቀምጥዎት ይናገራሉ?»

«እና ራቁቱን ይቀመጥ? እንግዳ ሲመጣ ምን ይለኛል!»

«ራቁቱን ያወራል፤ ከለበሰ ይታፈናል።»

«ሂድ፣ ባለጌ!» አለችው እየሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ሬዲዮውን ስትከፍት ዳንቴሉን አጥፋ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠው ነበር።

ሲያድግ ሥራው አውሮፕላን ላይ ሬዲዮና የበረራ መሣሪያ መግጠም ሆነ። በተጋባን ሰሞን ጣቶቹ ሰም ይሸቱ ነበር። ሽቦዎቹን እየሰበሰበ የሚያስራቸው ሰም በተቀባ ክር ነው። ጫፋቸው ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ትርፍ ይተዋል፤ ነገ መሣሪያውን የሚፈታው ሰው እንዳይቸገር። ትርፉን «የነገ ሰው» ይለው ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ሳለሁ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሌሎች የገጠሙትን ሬዲዮ አይቶ እንዲፈርም ታዘዘ። ቦታ ጠበበን ብለው ማቀዝቀዣ አየር የሚያመጣውን ቱቦ ትተውታል። ሽቦዎቹም የጭራውን መሪ ከሚጎትተው የብረት ገመድ ጋር ይነካካሉ።

«ይሠራል አይደል?» አለው አለቃው።

«እዚህ በጠዋት ብርድ ይሠራል። አፋር ሲደርስስ?»

እስከ ሰኞ ካልፈረመ እንዳይመጣ ተነገረው።

እሑድ ከኡራኤል ቅዳሴ ስንመለስ መንገድ ላይ ለመንኩት። «ፈርምና ይለፍ፣ በቃ! የሚወለደውን ልጅ አስብ እንጂ።»

«እኔ ከፈረምኩ በኋላ እኮ ክዳኑን የሚከፍት የለም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አንተ ከእኔ ይልቅ ለሽቦ ታዝናለህ» አልኩት።

ሰኞ ሲደርስ አልፈረመም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ለገሃር አካባቢ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቴፕ ጠገነ። ያችን ቃሌን አንድም ቀን አላነሣብኝም። እኔም ተሳስቼ ነበር አላልኩትም። ወደ ሙያው ተመልሶ ወጣቶችን ሲያስተምር፣ ልጆቻችን ሲያድጉ፣ ኋላም ግቢያችን ፈርሶ ላንቻ ፎቅ ቤት ስንገባ፣ አላልኩትም። ያውቀዋል ብዬ ይሆናል፤ ጊዜ ያለም መስሎኛል። ለቅሶው አለቀ፣ ድንኳኑም ተነሣ። ያላልኩትን ይዤ ደረጃ መውጣቱ ግን አደከመኝ።

ሊያጽናኑኝ ከመጡት ተማሪዎቹ አንዷ ስለ ደብተሮቹ ጠየቀችኝ። ሽቦ በየት በኩል ማለፍ እንደሌለበት፣ በሁለት ሳጥን መሐል ስንት ጣት ክፍተት እንደሚተው፣ ሞቃት አየር በየት እንደሚወጣ፣ ሁሉንም በእርሳስ ጽፎታል። እርሳሱ እየደበዘዘ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ አንድ አንድ ገጽ በእስክሪብቶ እገለብጣለሁ። ያልገባኝን ቃል እንኳ አልዘልም።