ፍኖተ ሰላም ላይ ተማርኩ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይክበር! ማይኩን ስይዝ የምዘምር መስሏችሁ አንዳንዶቻችሁ ተነሥታችኋል። ኧረ ተቀመጡ! ዛሬ ምስክርነት አለኝ፤ ሆዴ ውስጥ ይዤው ከከረምኩ መልሼ እታመማለሁና አድምጡኝ።

እኔን ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ሞያሌ፣ ከኬንያው በኩል፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ወንበር ሥር እየተኛሁ ያደግሁ የወንጌላዊው ልጅ ነኝ። ጥቅስ አውቃለሁ፣ ኪቦርድ እመታለሁ፣ ጌታን ግን የአባቴ ጌታ አድርጌ ነበር የማውቀው። ለአገልግሎት ድንበር አሻግራችሁ ኢትዮጵያ፣ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ስትልኩኝም እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ያለኝ አገር ማየቱ ነበር! ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ፣ ጌታም ሳይስቅብኝ አልቀረም።

አየሁም! ልምላሜው! እኛ እዚህ ደመና ስንጠብቅ አንገታችን ይረዝማል፣ እነሱ ጭቃውን ያማርራሉ። ጠዋት ከጥቂት ምእመናን ጋር እጸልያለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ ቅዳሜ በፈረስ ጋሪ ገበያ እወርዳለሁ። ባጃጅ ሞልቶ ሳለ ጋሪ ስመርጥ ባለጋሪው ራሱ ይገርመው ነበር።

ቤት ያከራዩኝ እትየ ዘነቡ የሚባሉ እናት ናቸው፤ የኦርቶዶክስ አማኝ። ስወዳቸው! "አንቺ የግመል አገር ልጅ፣ ዛሬም ሳትበይ ልትወጪ ነው?" እያሉ በር ላይ ይቆሙብኛል። አንድ ረቡዕ ወተት ገዝቼ ስገባ አይተው "ልጄ፣ ድመት ገዛሽ እንዴ?" አሉኝ። እኔ ሞኟ "ኧረ የለኝም" እላለሁ! ለካ በጾም ቀን ወተት ይዤ መግባቴን በነገር መንካታቸው ነው።

ወንድማቸው መሪጌታ ደግሞ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ፣ ቁጣቸው ቅርብ። መጀመሪያ ያገኘኋቸው ዕለት በሞያሌ አማርኛችን "መሪጌታ፣ ደህና ነህ?" አልኳቸው። "ነህ"! እኛ ለአያታችንም "አንተ" እንላለን፤ እዚያ ግን ለታላቅ ሰው "እርስዎ" ካልተባለ ጉድ ነው። ወደ እትየ ዞር ብለው "ዘነቡ፣ ይህች ልጅ አብራኝ ነው እንዴ ከብት የጠበቀችው?" አሉ። ከዚያ ወዲያ ሲያዩኝ ጋቢያቸውን ሰብስበው ያልፋሉ። ጴንጤነቴ ሳያንስ ይህ ተጨመረበት፣ በቃ አለቀልኝ አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ቡሬ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ፈጠም ወንዝ ገደል ይወረወራል፤ ያንን ለማየት ነው። ውሃው ይጮኻል፣ ጉሙ ፊቴን ያርሰዋል፣ እኔ "ጌታ ሆይ፣ ሥራህ እንዴት ያምራል" ማለት ሲገባኝ ፎቶ ሳነሳ ዋልኩ። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብርድ ብርድ አለኝ። ለካ ወባው ቀደም ብሎ ገብቶብኛል። ቤት ስደርስ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እትየ ግንባሬን ነክተው "ኧረ ይህች ልጅ እሳት ሆናለች!" ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ራሴን አላውቅም።

ሆስፒታል ያደረሰኝ ማን መሰላችሁ? መሪጌታ! በዚያው በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ባጃጅ ውስጥ ደግፈው። ሐኪሙ "ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል። መድኃኒት ጀምረናል፣ ግን ያሠጋታል፤ ቤተሰብ ካላት ይጠራ" አላቸው። እትየ እንደነገሩኝ መሪጌታ "ቤተሰቧ እኔ ነኝ" አሉት። እናቴ በስልክ ስትነፈርቅም "እሜቴ፣ አያልቅሱ፤ ልጅዎ ልጃችን ናት" አሏት። ጌታ ሆይ፣ ተባረክ!

እኔ በትኩሳቱ ውስጥ ሆኜ ድምፅ ይመጣልኛል። መሪጌታ ከራስጌዬ ሆነው በግዕዝ ይጸልያሉ፤ አይገባኝም። አንድ ቃል ብቻ ለየሁ፦ "ክርስቶስ"። ወገኖቼ፣ ስንት ዘመን የዘመርኩት ስም! ያን ጊዜ ግን ጥቅሱም ጠፋኝ፣ መዝሙሩም ጠፋኝ፣ አባቴም አጠገቤ የለ። በልቤ "ክርስቶስ ሆይ፣ የአባቴ ጌታ ብቻ አትሁን፤ የእኔም ሁን። ማረኝ" አልኩት። ከራሴ የወጣ የመጀመሪያ ጸሎቴ እሱ ነው። ሰማኝ! ሃሌሉያ፣ ሰማኝ! ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሐኪሙም "መድኃኒቱ ሠርቷል፤ የቀረውን እናንተ ታውቃላችሁ" አለ።

ዓይኔን ስገልጥ መሪጌታ እዚያው ተቀምጠዋል። "መሪጌታ፣ ደህና ነዎት?" አልኳቸው። ፈገግ አሉና "ልጄ፣ ልታስተምሪ መጣሽ፤ ተማርሽ" አሉኝ። "እርስዎ" ማለት ተማርሽ ያሉኝ መስሎኝ አፈርኩ። እትየ ሳቁ። "አይ ልጄ፣ ቅኔ ነው እኮ! ሰሙ ትምህርት ቀሰምሽ ነው፤ ወርቁ ምሕረት ተደረገልሽ ነው" አሉኝ። አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። "ማረኝ" ብዬ መጸለዬን ለማንም አልነገርኩም ነበራ!

ይኸው ዛሬ በእግሬ ቆሜያለሁ፤ ክብሩን እርሱ ይውሰድ! መሪጌታ በሃይማኖታቸው እንደጸኑ ናቸው፣ እኔም ያው እንደምታዩኝ፤ ግን እንዋደዳለን። እትየ አሁንም ይደውላሉ፤ ከሰላምታው በፊት "በልተሻል?" ነው የሚሉኝ።

እናንተ የአገልጋይ ልጆች፣ በተለይ እናንተ ከኋላ የተቀመጣችሁት፣ እባካችሁ ስሙኝ። የአባት ጸሎት ደግ ነው፤ ጌታን ግን በራስ አፍ ነው የሚጠሩት። እኔ ሳላውቀው በሰው አገር ከአልጋዬ ድረስ መጣልኝ። አልጋ እስክትይዙ አትጠብቁ። አሁኑኑ፣ እዚያው እንደተቀመጣችሁ ጥሩት፤ ይሰማችኋል።